አንዴ ብቻ ጠየቀኝ

ጋሼ ተክለወልድ ጠቅልሎ ወደ ናዝሬት ሊገባ መሆኑን የነገረን አንድ ጠዋት፣ የቢሮውን ወለል እየወለወልኩ ሳለ ነው። መወልወያዬን ይዤ ቀጥ አልኩ። እንደ ሰው ልዘን ብዬ ነበር፤ ዓይኔ ግን ቀድሞኝ ሄዶ እሱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ አረፈ።

ወንበሩ የሚያስጎመጅ ነገር የለውም። የጀርባው ቆዳ ተሰነጣጥቆ ስፖንጁ ወጥቷል፤ አንዱ ጎማ ስለማይዞር ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ፍየል ይጮኻል። ግን የትራንዚት ቢሮው የኢትዮጵያ ክፍል ወንበር ነው። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ኮንትራት አለው። ኮንትራት ያለው የመኖሪያ ካርድ ያገኛል። ካርድ ያለው ደግሞ ጂቡቲ ከተማ ውስጥ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ አይቀይርም። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ መንገድ ስቀይር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የዚህን ከተማ ቅያስ ሁሉ በቃሌ የማውቀው አገር ጎብኚ ስለሆንኩ አይደለም።

የውብዳር እባላለሁ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ካሉት የፈረንሳይ ዘመን ቤቶች አንዱ ውስጥ ተቀጠርኩ። ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። የማዳም ልጆች አስጠኚ ሲመጣላቸው እኔ እዚያው ጥግ ላይ እተኩስ ነበር። እነሱ ግስ ሲያረቡ እያዛጉ፣ እኔ ሸሚዝ እየተኮስኩ፤ ሁለተኛው እጅጌ ላይ ስደርስ ትምህርቱ ገብቶኝ ያልቃል። የጣሏቸውን ደብተሮች ከቆሻሻ መጣያ እያወጣሁ ባዶ የቀረውን ገጽ ሞላሁ። ማዳም አንድ ቀን በስልክ ስታወራ የሳተችውን ቃል እኔ ከጥጌ ሆኜ ሳርምላት ሰማችና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በኔ ፊት ስልክ ማውራት አቆመች።

ከሄሮን ወጥቼ የሙሴ ሙሐመድኑር (እዚህ አቶን ሙሴ ነው የሚሉት) ትራንዚት ቢሮ የገባሁት በጽዳት ነው። ቢሮው ካርቲየ አንድ የሚባለው ሰፈር ጠርዝ ላይ ነው፤ ከወደብ የሚወርደውን የኢትዮጵያ ዕቃ አስፈትሾ፣ ወረቀቱን ጨርሶ፣ በመኪና አስጭኖ ወደ አገር ቤት ይልካል። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ስልክ ጮኸ። አነሳሁት። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረቀት ጎድሎበት የቆመ ሾፌር እናት አባቴን እየጠራ ይሰድበኛል። እኔም መለስኩለት፤ በስድብ ማን ያህለኛል? ከተሰዳደብን በኋላ የጎደለውን ወረቀት ፈልጌ አገኘሁለት። ከዚያ ወዲህ የሾፌሮቹ ስልክ የኔ ሆነ። ማን ፒካ ዱዝ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሟል፣ የማን ኮንቴይነር ማሸጊያ ተሰብሯል፣ ማን ሸሽቶ ሊጠጣ ሄዷል፣ ሁሉም በኔ በኩል ያልፋል። በወረቀት ላይ ግን የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ እሱም ወረቀት ካለ ነው።

ጋሼ ተክለወልድ ራሱ ስንት ጊዜ ብሎኛል፣ ከኔ በኋላ አንቺ ነሽ ብሎ። የአገራችን የወደብ ሥራ ሁሉ ወደ ጂቡቲ በዞረበት ዘመን የመጣ ሰው ነው፤ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔም አመንኩት።

በዚያው ሰሞን እህቴ መስከረም ከነዲግሪዋ መጣች። ከነዲግሪዋ ስል ማጋነኔ አይደለም። በሻንጣዋ ውስጥ ከጥቂት ልብስ ሌላ በፕላስቲክ የተለበጠው ዲግሪና በጋዋን የተነሳችው ፎቶ ነበሩ። ድሬዳዋ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሄሮን ደሞዜ እጄ ላይ ውሎ አያድርም ነበር። አፍንጫዬን ወደዚያ ዲግሪ ባስጠጋ የማዳም አንሶላ ሳሙና የሚሸተኝ ይመስለኛል።

እና ምን አመጣላት? ከተመረቀች በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ ቆማ ጠቆረች። አንዱ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። ሌላው ዜሮ ዓመት ብሎ ሲለጥፍ የአገሩ ተመራቂ ሁሉ ይሰለፋል። ቀበሌ ስትሄድ ተደራጁ ተባለች፤ ተደራጅታ ኮብልስቶን ጠረበች። አካውንታንቷ እህቴ መዶሻ ይዛ! ጣቷ ተቀጥቅጦ ጥፍሯ ሲጠቁር ወደኔ መጣች፤ ሐሳቧ ባሕሩን ተሻግሮ ዓረብ አገር መግባት ነበር። ያ ዓመት የመን በቦምብ የምትታረስበት ነው። የመኖቹ ልጆቻቸውን አቅፈው በጀልባ ወደዚህ ወደ ኦቦክ ሲሸሹ፣ የኛ ልጆች በዚያችው ጀልባ ወደነሱ ይሳፈሩ ነበር።

“ዲግሪሽን ለማን ልታሳዪው ነው፣ ለዓሣው?” አልኳት።

ሳቀች። ያኔ ገና በቀልዴ ትስቅ ነበር።

አስቀረኋት። የማዳም ሠራተኛ ልትወጣ ስለነበረ ሄሮን ላስገባት ተነጋገርኩ። ማዳም የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተማረች አትሁን አለች። ከዚህ በፊት የነበረችው ዲፕሎም ያላት ልጅ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ ታለቅስ ነበር አለችኝ። ስለዚህ የእህቴን ዲግሪ ደበቅኩት። የከፈልኩበትን ነገር መደበቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ካርቲየ አራት ውስጥ፣ ከዓሣ ጠባሹ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍሌ ውስጥ ትራስ ሥር ከተትኩትና፣ “የተከበሩ ወይዘሪት አካውንታንት፣ እስኪ ባልዲውን ያቀብሉኝ” እያልኩ ሥራ አለማመድኳት። አንሶላ እንዴት እንደሚወጠር፣ ማዳም ስትቆጣ የት እንደሚታይ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ወንበሩን እየጠበቅኩ ነው።

የቢሮው ባለቤት ሙሴ ሙሐመድኑር ከታመመ ወዲህ ሥራውን የያዘው ልጁ ሙክታር ነው። ፈረንሳይ አገር ሊዮን ተምሮ፣ ማስተሩን ይዞ የተመለሰ ቀጭን ልጅ ነው። ክፉ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛ ሰላም ይላል። ቀትር ላይ ጫቱ ከተማ ገብቶ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሲሮጥ እሱ በሩን ዘግቶ ውኃ እየጠጣ ይሠራል። ሶማሊኛና አፋርኛ ከእናት ከአባቱ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ያውቃል። እኛን ግን አያውቀንም። አባቱ ድሬ ነው ያደገው፤ ሐበሻን ከነአመሉ ያውቃል። ልጁ ሐበሻን የሚያውቀው በኮንቴይነር ቁጥር ነው።

አንድ ቀን ጠራኝ። ተቀመጪ አለኝ። ግድ የለም አልኩት። እሱም እሺ ብሎ ወደ ነገሩ ገባ፤ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

“የኢትዮጵያን ክፍል አንቺ እንድትይዢው እፈልጋለሁ” አለኝ። “ዲፕሎም እንደሌለሽ አውቃለሁ። አልጠይቅሽም። ሥራውን ታውቂዋለሽ።”

ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን የሰው ልጅ ነኝ፤ ያሳደገኝ ሰው አለ። ገና ስጠራ እሺ ብል፣ የሽማግሌን ወንበር አፌን ከፍቼ ስጠብቅ የኖርኩ ልመስል ነው። ሰው ሲጋበዝ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፤ ጋባዡ ይጎትታል፤ ተጎትቶ ይገባል። አባትየው ስልኩን የሰጠኝ ቀንም እንዲሁ ነበር፤ እኔ አልችልም ስል እሱ ትችያለሽ ሲል፣ እኔ ኧረ ስል እሱ ሲቆጣ፣ እንዲያ ሆነን ነው የተስማማነው። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ጨዋነት ብቻ አልነበረም። እንዲለምኑኝ አምሮኝ ነበር። ሳይለምኑኝ ስንት ዓመት የሠራሁትን ሥራ፣ አንዴ እንኳ እባክሽ ብለው እንዲሰጡኝ ፈለግሁ።

ስለዚህ ዓይኔን ወደ ወለሉ ጣልኩና፣ “እኔ? ኧረ ሙሴ ሙክታር፣ የኮሌጅ ደጅ ያልረገጥኩ ሰው እንዴት አድርጌ? የተማረ ሰው ቢይዘው ነው የሚሻለው” አልኩ።

ለዚያውም በጥሩ ፈረንሳይኛ። እሱ ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ። ተኮላትፌ ቢሆን ኖሮ ምን አልሽ ብሎ ይደግምልኝ ነበር።

ጠበቅኩ። የወለሉን ንጣፍ እያየሁ ጠበቅኩ። ቀና ስል በአክብሮት ያየኛል።

“ቅንነትሽን አደንቃለሁ” አለኝ። “አቅሙን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገጥመኝም።” ከዚያ ጋሼ ተክለወልድ ስለ እህቴ እንደነገረው፣ አካውንቲንግ የተመረቀች መሆኗን እንደሰማ ነገረኝና ነገ ይዣት እንድመጣ አዘዘኝ።

እሺ አልኩ። ሳልግደረደር እሺ ያልኩት ለዚያ ብቻ ነው።

ክፍሌ ደርሼ ለመስከረም ሥራ አገኘሁልሽ ስላት አላመነችኝም። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የምትሠሪው ነው ስላት ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። ሌላውን አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ምላስሽ እንደ ምላጭ ነው የሚሉኝ ሰዎች፣ የዚያን ማታ ምላሴን ቢያዩት ያዝኑልኝ ነበር።

ወር ሙሉ ሥራ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አልችልም ብትል፣ ብታለቅስ፣ ሙክታርም ተሳሳትኩ ብሎ ቢጠራኝ ብዬ ጸልዬ ነበር፤ ኃጢአት ከሆነ ይሁን። እሷ ግን ቻለች። ስንት ሾፌር ጮኾብኝ፣ ስንት ኮንቴይነር ጠፍቶብኝ የተማርኩትን እሷ ኮምፒውተር ላይ በሠንጠረዥ አሰፈረችው። ሁሉንም ነገር ለምን ትላለች። ይህ ወረቀት ለምን በሦስት ኮፒ ይሠራል? ጋሼ ተክለወልድ እንዲያ ስለሚያደርግ እኔም አደርገዋለሁ እንጂ ጠይቄ አላውቅም። እሷ ጠይቃ ሁለቱ ብቻ እንደሚበቁ አወቀች። ለአዲስ አበባ ደንበኞች በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ጣቶቿን አያለሁ፤ የመዶሻው ጥቁረት ከጥፍሯ ጋር አድጎ እየወጣ ነበር።

ሾፌሮቹ ብቻ ነበሩ የኔ ወገን። እርስዎ ትላቸዋለች። አንዱ ደውሎ፣ “የውብዳር፣ ያቺ ልጅ እርስዎ ስትለኝ ፍርድ ቤት የቀረብኩ መሰለኝ” አለኝ። ለሳምንት ያህል በዚያ ደስ አለኝ። ከዚያ እነሱም ለመዷት።

መቀመጥ አቃተኝ። የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጥባለሁ። መንገድ ወርጄ ያለ ጉዳይ እመለሳለሁ። የወንበሩ ጎማ ሲጮህ ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድ ነገር ነው የሚዞርብኝ፤ ድሬዳዋ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያልገዛ ዲግሪ፣ እዚህ መጥቶ በኔ አፍ የኔን ወንበር ገዛ። ገንዘቡ ደግሞ የኔው። ኪሳራ ልበለው ትርፍ? አካውንታንት የሆነችው እሷ ናት፤ እሷን እንዳልጠይቃት።

ጋሼ ተክለወልድ ሥራውን አስረክቦ ሊሄድ ሲል የሻይ ብርጭቆውን በጋዜጣ እየጠቀለለ ጠየቀኝ።

“ለምን እምቢ አልሽው ግን?”

“እምቢ አላልኩም።”

“ሙክታር እምቢ አለች አለኝ እኮ። አቅሟን የምታውቅ ብሎ አመሰገነሽ።”

“አይ አልኩት እንጂ እምቢ አላልኩትም፣ ጋሼ።”

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ዕንባው እስኪመጣ። ስቆ ሲያበቃ ተናደደ።

“አንቺ ልጅ፣ ለፈረንጅ ትምህርት ቤት ልጅ ትግደረደሪያለሽ? እነሱ ዘንድ አይ ያለ ሰው አይ ነው ያለው። አንዴ ነው የሚጠይቁት። ለሌላው ጊዜ የላቸውም።”

“ማን ነገረኝ?”

“መጽሐፍ ውስጥ የለማ!” አለ። “እንዲህ ያለውን ነው አብሮ ተቀምጦ የሚማሩት። ተነሺ። ኮንትራቱ ሐሙስ ነው የሚፈረመው። ግቢና ንገሪው።”

ገባሁ። ተቀመጪ ሲለኝ ግድ የለም ሳልል ተቀመጥኩ። የነገርኩትን ለመረዳት ያን የሚያህል ትምህርት የተማረ ሰው ሲቸገር አየሁ። በኛ ዘንድ መጀመሪያ አይ ይባላል፣ ከዚያ ይለመናል፣ ከዚያ እሺ ይባላል አልኩት። ራሱን እያሻሸ፣ “ታዲያ ሰው እውነቱን አይ ሲል በምን ይታወቃል?” አለኝ። ተንኮል የለበትም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

የሰጠኝ ውሳኔ ፍርድ ያለው ነው፤ ልክደው አልችልም። ኮንትራቱ አንድ ነው። መስከረም ሥራውን ይዛዋለች፤ ደንበኞቹም አሁን አሁን ከደብዳቤ ግርጌ የተመረቀ ሰው ስም ማየት ይወዳሉ። ነገር ግን መጀመሪያ የሰጠው ለኔ ስለሆነ፣ እህቴ በፈቃዷ ከለቀቀችልኝ በኔ ስም ይጽፈዋል። እስከ ሐሙስ ቤታችሁ ጨርሱ አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከተማው በሩን ዘግቶ በሚያመነዥክበት ሰዓት፣ ክፍላችን ውስጥ ነበርን። መብራት ጠፍቶ ቬንቲላተሩ ቆሟል። መስከረም ፍራሹ ላይ ተጋድማ በካርቶን ቁራጭ ፊቷን ታራግባለች። የማዳም ሠራተኛ በዚያ ሳምንት ልትወጣ ነው፤ ሄሮን ክፍት ቦታ እንደሚኖር ሁለታችንም እናውቃለን።

“መስኪ” አልኳት። “ያ ወንበር መጀመሪያ የተሰጠው ለኔ ነበር።”

ካርቶኑ ቆመ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ የቆምኩትን፣ ወለሉን ያየሁትን፣ ያልኩትን። ስጨርስ ቀና ብላ ተቀመጠች።

“አሁን የነገርሽኝ ምን ፈልገሽ ነው፣ እታለም?”

ልቀቂልኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበረ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

“ምንም። እንድታውቂው ብዬ ነው።”

ሙክታር ይህን ቢሰማ ምንም አልፈለገችም ብሎ ይሄድ ነበር። እህቴ ግን ያሳደገቻት የኔው እናት ናት፤ ምን እንዳልኩ አሳምራ ገብቷታል። ዓይኔን አየችና፣ “እንግዲህ አወቅኩት” ብላ ካርቶኗን ማራገብ ቀጠለች።

ካርቶኑን ነጠቅኳት።

“ልቀቂልኝ! ሥራው የኔ ነው። ሄሮን ትገቢያለሽ፤ እኔ ስንት ዓመት ሠርቼበት አልሞትኩም። ወንበሩ ላይ የወጣሽበትን መሰላል የሠራሁት እኔ ነኝ። የማዳምን የውስጥ ልብስ እያጠብኩ ነው የከፈልኩት።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያ ለምን ነበር የከፈልሽው?” አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እሱ ነው የባሰው። “አንቺ ያጠብሽውን እኔ እንዳላጥብ አይደለም? ስልክ በደወልሽ ቁጥር እንዲያ አልነበር የምትዪኝ? ደረሰልሽ። ተቀመጥኩ። አሁን ሲደርስ ተነሺ ትዪኛለሽ?”

የነጠቅኳትን ካርቶን ለራሴ አራገብኩበት።

“አልነሳም፣ እታለም” አለች። “ውለታ ቢስ በይኝ፣ ለሰው ሁሉ አውሪው። ኮብልስቶኑን፣ ሰሌዳውን፣ ሁሉን አልፌ ነው። አልነሳም። ከፈለግሽ አሁን ተራው የኔ ነው፤ እኔ ልክፈልልሽ፣ አንቺ ተማሪ። የማታም አለ፣ የርቀትም አለ።”

“እኔን የሚያስተምረኝ ገና አልተወለደም።”

“እሱንማ አየነው” አለች።

ሌላ ቀን ቢሆን በጥፊ እላት ነበር። ያን ቀን ግን ካርቶኑን መለስኩላትና ውጭ ወጥቼ ዓሣ ጠባሹ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ሰውየው አበድሽ ወይ ብሎ ጥላ ሊያሳየኝ ሞከረ። ያናደደኝ መስከረም መሳሳቷ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ያናደደኝ እሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እንደምል ማወቄ ነው።

ሐሙስ ፈረመች። ሙክታር አስጠርቶኝ እንደ በፊቱ እንደምቀጥል፣ ደሞዜንም ትንሽ ከፍ እንደሚያደርግልኝ ነገረኝ። እንደ በፊቱ ማለት መወልወያውና ስልኩ ነው። የወንበሩን ሥር ጎንበስ ብዬ መወልወል፣ እህቴ እግሯን ስታነሳልኝ። አመሰግናለሁ አልኩትና መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወጣሁ። መስከረም በመስታወቱ በኩል አየችኝ። ከወንበሯ ልትነሳ ስትል ጎማው ጮኸ፤ መልሳ ተቀመጠች።

ቀትር ሊሆን ነው። ጫቱ ሊገባ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው፤ ባለሱቆቹ መዝጊያቸውን እየጎተቱ፣ ታክሲዎቹ እየጮኹ። ከዚያ በኋላ ይህ ከተማ ላይ ማንኳኳት መቃብር ላይ ማንኳኳት ነው። እየሮጥኩ ካርቲየ አንድን አቋርጬ ሐጂ ከይረዲን ቢሮ ደረስኩ። ሐጂ ያው የኛን ሥራ የሚሠሩ፣ ድሬዳዋ የተወለዱ ሐረሪ ናቸው። የኢትዮጵያን ሥራ የያዘላቸው ሰው ወደ ሐርጌሳ እንደሄደ ከሾፌሮቹ ሰምቻለሁ።

ድምፄን በስልክ ያውቁታል። ተቀመጪ ሲሉኝ ተቀመጥኩ። የነማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ፣ የየት ሰፈር፤ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው አባቴን ያወቁት መሰላቸው። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ።

“ዲግሪሽስ?”

“አንድ አለኝ፣ ሐጂ። እህቴ ተቀምጣበታለች።”

እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ተመለሰ። ወንበሩን ለተመረቀ ሰው ነው ያሰቡት፤ ደንበኞቹ ይጠይቃሉ። ስልኩን ብይዝላቸው ግን ደስ ይላቸዋል፤ ኮንትራቱ ለጊዜው ይቆይ።

“አይሆንም” አልኩ።

ሐጂ ፈገግ አሉ። ድሬ ያደጉ ሰው ናቸው። አትግደርደሪ እንጂ ልጄ፣ ምሳም እዚሁ ትበያለሽ አሉኝ።

“አይሆንም፣ ሐጂ።”

“ለአባትሽ ስትዪ።”

አንዱ አንዴ ጠይቆኝ ተወኝ፤ ሌላው ደግሞ ይኸው ሊተወኝ አልቻለም። ሁለቱም የተናገርኩትን አልሰሙም። ሙክታር የጠየቀኝ ጥያቄ ትዝ አለኝ፤ ሰው እውነቱን አይ ሲል በምን ይታወቃል?

“ሐጂ፣ እየተግደረደርኩ አይደለም” አልኩ። “ወንበሩን እፈልጋለሁ። ስሜ የተጻፈበት ኮንትራት እፈልጋለሁ። ስልክ ብቻውን አልይዝም።”

ፊቴ ነደደ። ሰው መሀል ልብሴን ያወለቅሁ መሰለኝ። እናቴ ብትሰማ እንዲህ አድርጌ አሳደግኳት ወይ ብላ ፊቷን ትሸፍን ነበር። ሐጂ መሳቅ አቆሙ። እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለው ጫታቸው መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ገና አልፈቱትም።

“አፍሽ በር ይከፍታል” አሉ በመጨረሻ። “ሸሪኬን ልጠይቀው። ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው፤ እሑድ ቢሮ ስንከፍት ነይ። እሱ እምቢ ካለስ፣ ስልኩን ትይዢያለሽ?”

“አልይዝም።”

“እሺ ካለስ? የማታውን ትምህርት ትጀምሪያለሽ? ለደንበኞቹ በመማር ላይ ነች እንድንላቸው።”

“ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አስብበታለሁ” አልኳቸው።

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ይኸኛው አላሳቃቸውም። የሸሪካቸውን ቁጥር ፈልገው መደወል ጀመሩ፤ እኔን በእጃቸው ሂጂ አሉኝ። ስወጣ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ውጭ መንገዱ ባዶ ሆኗል፤ የሱቆቹ መዝጊያ ሁሉ ወርዶ አስፋልቱ ብቻ ያብለጨልጫል። ስልኬ ጮኸ፤ መስከረም ናት። ለምሳ እንደምመጣ ጠየቀችኝ። እመጣለሁ አልኳት፣ ግን ወደ ካርቲየ አራት ሳይሆን ወደ ባሕሩ ነው የሄድኩት፤ ከዚያ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። እሑድ ከመድረሱ በፊት ዓርብና ቅዳሜ ነበሩ። በሁለቱም ቀን የትም መቀመጥ አልቻልኩም።